በክፍት ሣጥን ላይ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉም ኋላ የሚሰማው ራሱ ነው ለማለት። የዚያን ቀን ጠዋት ግን የእትዬ ጆሮ ባዳነቱን ረሳ። ሻይ ይዛ ከወጥ ቤት ስትመጣ የአባቷ መኝታ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ወንድሟ ወደ ሥራ ሲያልፍ ጎራ ብሎ፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«የመስታወቱን ሣጥን ለእኔ ያድርጉልኝ አባባ» ይላል። «ሳሎን ውስጥ ባለ መብራት ቁም ሣጥን አሠርቼለታለሁ። እሷ ወስዳ ምን ታደርገዋለች? አልጋ ሥር ነው የምትከተው።»

«አታስብ» አሉ አባቷ። «ታላቅ እሷ ናት፤ ቀድማ መምረጥ ያለባትም እሷው ናት። ምረጪ እላታለሁ። ግን ልጄን አውቃታለሁ፤ ምረጪ ስትባል ሌላው ሰው የማይፈልገውን ነው የምታነሳው። መስታወቱ ላንተ ይቀራል። እኔም አላዳላሁ፣ አንተም አልቀማህ።»

ወንድሟ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የቆየ የቤት ቀልድ የሰማ ሰው ሳቅ ነበር፤ እትዬን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ትቆጣ ነበር። እንዲህ ሲሆን ግን ምን ይባላል? ኮሪደሩ ላይ ትሪውን ይዛ ጥቂት ቆመች፤ ብርጭቆዎቹ እንዳይንኳኩ በአውራ ጣቷ ያዘቻቸው። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ በሩን በእግሯ ገፋች፣ ገባች፣ ደህና አደራችሁ አለች። ወንድሟ ሻዩን ተቀብሎ «እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ እኛ ምን ይውጠን ነበር?» አላት። ይህን ሲል ከልቡ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሲበዛ ተመችቶት የኖረ ሰው ነው። ከምሳ በኋላ እመለሳለሁ ብሎ፣ ሻዩን ግማሽ አድርሶ ወጣ።

እትዬ የሚላት ወንድሟ ብቻ አይደለም። ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ይሏታል። እናቷ የሞተች ጊዜ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበረች፤ ከወጥ ቤት በር ጀርባ የእናቷን ሽርጥ አንስታ አሸረጠች፤ ስሙም ከሽርጡ ጋር አብሮ የተሰጣት ይመስላል። ኮሪደሩ ጫፍ መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪናዋ ተቀምጧል። ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ይመጣል፣ ስለ ልጁ ጋብቻና ስለ ጎረቤቱ ጩኸት አውርቶ ይሄዳል። እሷ መርፌ በከንፈሯ ስለምትይዝ አትመልስም፤ ሰዎቹም ጥሩ አድማጭ ናት ይላሉ። የምትሰፋው በእግሯ እየረገጠች ነው፤ ሲመሽ ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል። ወንድሟ ተምሮ የመድን ድርጅት ሠራተኛ የሆነው በዚሁ መኪና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ብሎት የሚያውቅ ሰው ግን የለም።

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን በሳንቲም ፋብሪካ የሠሩ ሰው ናቸው። እዚያ በየዓመቱ የሚመታው ሳንቲም ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ለገበያ የሚሆነው፣ በመዓት እየተመታ ቅርጫት ውስጥ የሚራገፈው ነው። ከዚያ ውስጥ ገበያ ሳይወጣ፣ የሰው እጅ ሳይነካው በከረጢት ታስሮ ለሰብሳቢዎች የሚቀረውን ሠራተኞቹ «የከረጢቱ» ይሉታል። ሁለተኛው የታይታው ነው፦ መምቻው በልዝብ ዱቄት ተወልውሎ፣ ሳንቲሙ አንድ በአንድ ሁለቴ ተመትቶ፣ በጓንት እየተነሳ በየመደቡ የሚቀመጠው። እሱን «መስታወት» ይሉታል፤ ፊትህን ታይበታለህ፣ ጥርስህን ትፍቅበታለህ። አባቷ የመስታወቱ ጠረጴዛ ሠራተኛ ነበሩ። ከየዓመቱ ምርት ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ እየገዙ ሁለት ሣጥን ሞሉ። ሁለቱም ሣጥኖች በአንድ አናጢ የተሠሩ፣ ውስጣቸው አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ፣ አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ ክዳኑ ሲከፈት ነው። አሁን ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ እግራቸውም ከዳቸው፤ እና «በቁሜ ሳለሁ ላካፍላችሁ፣ ኋላ እንዳትጣሉበት» ብለው ቀኑን የቆረጡት ራሳቸው ናቸው።

ይህ ቤት አንድ ሕግ ነበረው። ሣጥኑ ክፍት ሳለ ማንም አይናገርም። ከፋብሪካው የመጣ ሕግ ነው። ከሚናገር ሰው አፍ ዐይን የማያየው ምራቅ ይረጫል፤ መስታወቱ ላይ ካረፈ ዛሬ አይታይም፣ ከርሞም አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ቡናማ ነጥብ ሆኖ ብቅ ይላል። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከሰዓት አባቷ ጓንት አጥልቀው፣ «ዝም አይነቅዝም» ብለው ክዳኑን ሲያነሱ ቤቱ ጸጥ ይላል። እናቷ ማንኪያ አታስነካም። ወንድሟ ገና ሕፃን ሳለ ትንፋሹን ይዞ ይቀላ ነበር። የረሳ ሰው ካለ አባቷ ቀና ብለው፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ፤ በቃ። ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላም ወሬ ቶሎ አይመለስም ነበር። ሌላ ቤት አባትና ልጅ ተኳርፈው ዝም ይላሉ፤ እነሱ ቤት ማንም ሳያኮርፍ ዝም ይባላል፤ እንግዳ የመጣ እንደሆነ የሆነ ነገር የተፈጠረ መስሎት ቶሎ ይሄዳል።

ከዚህ ሕግ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር እትዬ በሆዷ ይዛ ኖራለች። እናቷ በሞተችበት ዓመት ሌላ ከተማ ያለ የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነበር። እናቷ ናት ተመዝገቢ ያለቻት፤ መጀመሯን ሳታይ ሞተች። ከዚያ ወንድሟ ገና ተማሪ፣ አባቷ ደግሞ እንቁላል መጥበስ የማያውቁ ሰው፤ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ቀን ፈለገች፣ ሰዓት ፈለገች። በመጨረሻ አንድ እሑድ አባቷ የዚያን ዓመት መስታወት ሣጥኑ ውስጥ ሲያኖሩ አየቻቸው፤ ከቀብሩ ወዲህ ፊታቸው የፈታው ያን ጊዜ ነበር። አሁን ነው ብላ ተጠጋች። «አባባ፣ ልሂድ?» አለች። ወዴት እንደሆነ አባቷ ያውቃሉ። አባቷ ቀና አሉ፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እትዬ መልሱን አገኘች፤ ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ሽንኩርት ከተፈች። ትምህርት ቤቱ ያለ እሷ ተከፈተ። ለሌላ ሰው አልነገረችም፤ ደግማም አልጠየቀች።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የአባቷ ዐይን ሲደክም የሣጥኖቹ እርጥበት መምጠጫ ከረጢት የሚቀየረው በእሷ እጅ ሆነ። አንድ ቀን ስትቀይር የዚያን ዓመት መስታወት አየችው። ከጠርዙ ዝቅ ብሎ፣ የስንዴ ቅንጣት እንኳ የማታክል ቡናማ ነጥብ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማን እንደተናገረ፣ ምን እንደተናገረ ታውቃለች። በዚህ ቤት ውስጥ ለራሷ አንድ ነገር ጠይቃ እንደምታውቅ የሚመሰክር ያ ነጥብ ብቻ ነው። የመስታወቱን ሣጥን የምትፈልገው ለዚህ ነው። የወንድሟ ሳሎን ውስጥ በመብራት ተከብቦ፣ እንግዳ ሁሉ «ይቺ ደግሞ ምን ነካት?» እያለ ሲጠቋቆምባት ታያት። ዛሬ እፈልገዋለሁ ብላ በአፏ መናገር አለባት። የቀረው ይኸው ነው፤ ለእሷ ደግሞ ቀላል አይደለም።

አባቷ ለሥርዓቱ አዲስ ጓንት ይገዛ ስላሉ ረፋዱ ላይ ወጣች። ሱቁ ከፎቶ ኮፒ ቤቱና ከሰዓት ጠጋኙ መሃል ነው። ባለቤቱ የማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስለሚውል ሰው «አጉሊ» ይለዋል። ድሮ ቴምብርና ሳንቲም ብቻ ነበር የሚሸጠው፤ አሁን ግማሹ መደርደሪያ የስልክ ሽፋን ሆኗል። ጓንቱን አወጣና ዋጋውን ነገራት። ካለፈው እጥፍ ነው።

«ጣት ተጨምሮበታል እንዴ?» አለችው።

«እትዬ ሙች፣ እኔ ራሴ የማተርፍበት የለኝም» አላት።

ሱቁ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ወጣት ነበረች። ለሚወለደው ልጇ በየዓመቱ አንድ ሳንቲም እየገዛች ልታጠራቅምለት አስባለች። አጉሊ ሁለት ሳንቲሞች በየመያዣቸው ባንኮኒው ላይ አኑሮላታል፤ አንዱ ያብለጨልጫል፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ ነው። «ይሄ ፕሩፍ የሚባለው ነው» ይላታል የሚያብለጨልጨውን እያሳየ። «ለዐይን እሱን የሚያህል የለም፤ ግን ቅንጦተኛ ነው። እስትንፋስ አይችልም፣ ጣት አይችልም። ያኛው ገበያ ያልወጣ ነው፤ ሚንት ስቴት ይሉታል። ዋጋውም ይረክሳል፣ ጭረት ቢኖርበትም አይፈረድበትም። ከማሽኑ ሲወርድ ቅርጫት ውስጥ ከወንድሞቹ ጋር ይጋጫላ። ጭረቱ የገበያ አይደለም፣ የቤት ነው። ብቻ አንዱን ከመረጡ በዚያው ይግፉ፤ ስብስብ ሲደባለቅ አያምርም።» ልጅቷ አንዱን ታነሳለች፣ አንዱን ታስቀምጣለች። ከዚያ ዘወር ብላ «እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጣሉ?» አለች።

እትዬ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች፤ ሌላ ሰው የተጠየቀ መስሏት ነበር። «መስታወቱን» አለች። ድምፅዋ ከሚገባው በላይ ጮኸባት። አጉሊ መነጽሩን ከግንባሩ ሊያወርድ ቃጥቶት ተወው። እትዬ ደግሞ አፏ ከተከፈተ አይቀር ብላ ጠየቀችው፦ ምራቅ ነክቶት ነጥብ ያወጣ መስታወት ምን ይደረጋል? «ምንም» አላት። «ቢጠርጉት ይጫጫራል፣ ይብሳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው እትዬ። እንደነጠበ ይኖራል እንጂ።» ልጅቷ የፈዘዘውን መርጣ ከፈለች፤ ልጅ ያለበት ቤት ነው፣ ማን ትንፋሹን ይዞ ይኖራል ብላ ሳቀች። እትዬ ጓንቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደረጃውን ስትወጣ «እኔ መስታወቱን ነው የምፈልገው» የሚለውን በየፎቁ ተለማመደችው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጎረቤት ወርዳ አገኘቻትና «ምን አልሽኝ?» አለቻት። «ደህና ዋልሽ ወይ ነው ያልኩት» አለች እትዬ።

ለምሳ ለአባቷ ሾርባ አጠጣች፣ አገጫቸውን ጠረገች፣ እጃቸውን ለብ ባለ ውሃ አጠበች። ጣቶቻቸው እስካሁን የጠረጴዛ ሠራተኛ ጣት ናቸው፤ ነገር ሲይዙ በጠርዙ ነው። «ምርጫሽን አሰብሽበት?» አሏት። «አስቤበታለሁ» አለች። «ጎሽ። ዋናው ፍቅራችሁ ነው» አሉና ትራሳቸው ላይ ዘንበል አሉ። ያን ጊዜ ልትናገር ነበር፤ ሣጥኖቹ ተዘግተዋል፣ ወንድሟም አልመጣም። ግን የሾርባውን ሳህን ይዛ ስለነበር መጀመሪያ እሱን ላስቀምጥ አለች፤ አስቀምጣ ስትመለስ አባቷ አሸልበዋል። ዕድሏ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ወይ እጇ ሙሉ ነው ወይ ሰው ተኝቷል።

ወንድሟ በተባለው ሰዓት መጣ። ለሣጥኑ ማሸጊያ የሚሆን ወፍራም ብርድ ልብስ በክንዱ ይዟል። የየትኛው ሣጥን ማሸጊያ እንደሆነ አልተናገረም። ጠረጴዛውን አልጋው አጠገብ አስጠጉት፣ መብራት አበሩ፣ ሁለቱን ሣጥን ጎን ለጎን አኖሩ። አባቷ ተደግፈው ተቀመጡ፤ የማያዩበትን ዐይናቸውን ወደ ጠረጴዛው አዙረው «እንግዲህ ታላቅ አንቺ ነሽ። እጅሽን የወደድሽው ላይ አኑሪ» አሉ። ቀጥለውም «ዝም አይነቅዝም» አሉ። እትዬ አዲሱን ጓንት አጥልቃ ሁለቱንም ክዳን አነሳች። በአንደኛው ውስጥ የመብራቱ አምፖል በየሳንቲሙ ተደርድሮ ታየ። በሌላኛው ግራጫ ብርሃን ብቻ ነበር፣ የተጫጫረ። እትዬ እጇን የመስታወቱ ሣጥን ጠርዝ ላይ አኖረች።

ወንድሟ አያት። በቅንድቡ ወደ ሌላኛው ሣጥን ጠቆማት፤ የተሳሳተች መስሎታል። እጇን አላነሳችም። በእጁ ጠቆማት። አላነሳችም። ወደ አባታቸው ዞሮ እጁን አወናጨፈ፤ ለማያይ ሰው። ቢቸግረው ሁለቱንም ክዳን ዘጋና «አባባ፣ መስታወቱን ያዘች» አለ፤ ሲያለቅስ የሚከስ የልጅነት ድምፁ ነበር።

«ግራና ቀኙ ተምታቶባት ይሆናል» አሉ አባቷ። «ልጄ፣ የትኛውን ነው ያልሽው?»

«አልተምታታብኝም» አለች እትዬ። «መስታወቱን ነው የምፈልገው። ውስጡ የኔ ነጥብ አለ። እማዬ የሞተች ዓመት፣ ሣጥኑ ክፍት ሳለ፣ ልሂድ ብዬ ጠይቄዎት ነበር። እርስዎ አፌን ያዙብኝ። ያ ነጥብ ወጥቷል። እሱን ነው የምፈልገው፤ ሌላውን ሣጥን ወንድሜ ይውሰደው።»

ወንድሟ ስለ ምን እንደሚወራ አልገባውም። አባቷ ግን ገብቷቸዋል። ረሳሁት ቢሉ በተሻላት ነበር።

«አስታውሳለሁ» አሉ። «አፍሽን አልያዝኩብሽም። ሣጥኑን እስክዘጋ ነው ያልኩሽ። ሁልጊዜ እንደማደርገው። ዘጋሁት፣ ጓንቴን አወለቅሁ፣ ትመጪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ሂጂ ልልሽ ነበር። እናትሽም ትሂድ ብላ ተናዝዛልኝ ነበር። አልመጣሽም። ደግመሽ አልጠየቅሽኝም እኮ።»

«እርስዎስ ለምን አልጠሩኝም?»

አባቷ ብርድ ልብሱን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ጠርዙን ፈልገው ያዙ። «ራት አቀረብሽ» አሉ በመጨረሻ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ቤት ቤት የሸተተው ያን ማታ ነው። ወንድምሽም በላ፣ እኔም በላሁ። እሷ ካልደገመችው እኔ ለምን አነሳዋለሁ አልኩ። ደስ አለኝ። ይኸው ነው።»

እትዬ አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነው የሰማችው። ያ ነጥብ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የእሷ ነበር፤ ጠይቄ ተከለከልኩ የምትልበት። አሁን ያ እንኳ የለም። አልተከለከለችም። በሩ ክፍት ሆኖ፣ አንድ ሰው ከበሩ ኋላ ሆኖ የወጥ ሽታ እያሸተተ፣ እንዳትወጣ በዝምታ ሲለምን ነበር። በጣም ተናደደች። ለምን ያህል ዓመት መናደድ እንዳለባት ስታስብ ደግሞ ደከማት።

የመስታወቱን ሣጥን ክዳን ከፈተችው። ጓንቷን አንድ በአንድ አወለቀች። ጎንበስ አለች፤ ትንፋሿ ሳንቲሞቹን እስኪያደበዝዛቸው ድረስ ተጠጋች። ከዚያ ተናገረች። አልጮኸችም። የትምህርት ቤቱን ስም ተናገረች፤ የቀረባትን የነርስ ነጭ ልብስ፣ ለጉዞዋ ብላ የገዛችውንና ኋላ ቆርጣ ለወንድሟ ሸሚዝ ያደረገችውን ጨርቅ ተናገረች። ለጋብቻ የመጣላትን አንድ ሰው፣ አባቴን ማን ያየዋል ብላ የመለሰችውን፣ ስሙን ጠርታ ተናገረች። የሚያብጥ ቁርጭምጭሚቷን። እትዬ ሲሏት ዞር ማለት ሲያስጠላት የኖረውን። ጠዋት በሩ ላይ ትሪ ይዛ የሰማችውን፣ ቃል በቃል። ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየዞረች፣ የትኛውንም ዓመት ሳትዘል ተናገረች።

«እትዬ፣ ክዳኑን! ኧረ ክዳኑን!» ይላል ወንድሟ፤ እሱም ሣጥኑ ላይ እየተናገረ መሆኑን ረስቶ። አባቷ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ገብቷቸው ፊታቸው ተኮማተረ። ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሳ፣ ጣታቸው ወደ ከንፈራቸው ሄደ፤ መሃል መንገድ ላይ ቆመና ተመልሶ ወረደ።

ስትጨርስ ቀና አለች። «በቃ፣ እሱ ይውሰደው» አለች። «እኔ ያኛው ይበቃኛል።» ጠዋት እንደተመከረው ሆነ ማለት ነው፤ አባት አላዳላም፣ ወንድም አልቀማም።

ወንድሟ መብራቱን ስቦ ሣጥኑ ላይ አጎነበሰ። ጉሙ ከሳንቲሞቹ ላይ ቀስ በቀስ እየለቀቀ፣ አምፖሉ በየመደቡ መልሶ እየታየ ነበር። እሷ ያወለቀችውን ጓንት አጥልቆ አንዱን በጠርዙ አነሳ፣ አገላበጠ፣ ሌላውንም አየ። በረጅሙ ተነፈሰ።

«ተመስገን፣ ምንም የለም» አለ። «ምንም አይታይም።»

እትዬ የከረጢቱን ሣጥን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በሩ ላይ ደርሳ ነበር።

«ዛሬ አይታይም» አለችው።